የዴልሂ ዱርባር ሰልፌን ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች፤ ምክር ፈልጌ ነው። የ1903ቱን (እ.ኤ.አ.) የዴልሂ ዱርባር፣ ማለትም በእንግሊዝ ግዛት ዘመን በሕንድ የንጉሡን ንግሥና ለማብሰር የተደረገውን ታላቅ ሥነ ሥርዓት፣ በአሻንጉሊት ወታደሮች እየሰበሰብኩ ነው። በሕንድ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን በዝሆን ላይ ሆኖ ከተማ የገባበትን ማለቴ ነው። በ1911ዱ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በፈረስ ነው የገባው፤ ለእኔ ግን ዝሆን የሌለበት ሰልፍ ሰልፍ አይመስለኝም። ጦር የያዙት ፈረሰኞቼ በሙሉ እንደ ድሮዎቹ የብሪቴንስ (የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ) ወታደሮች የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አሁን ያገኘኋቸው ሁለት ዝሆኖች ግን ማት (ቀለማቸው የማያብረቀርቅ) ናቸው። የጨርቁ እጥፋትና የወርቁ ጥላ ሳይቀር በብሩሽ ተሠርቷል። በጣም ያምራሉ! ከፈረሰኞቹ ጎን ሳቆማቸው ግን ከሌላ ዓለም የመጡ ይመስላሉ። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ልቀባቸው? ያ ሁሉ ጥላ ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ወይስ ሸጬ የሚያብረቀርቁትን ልጠብቅ? ሁለቱን ቀላቅላችሁ የደረደራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።