ጥሩ ኮምጣጣ ቢራ በተመጣጣኝ ዋጋ ከየት ላግኝ? (ቨርጂኒያና ዲሲ)

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከቤልጂየም ሲመለስ ጉዝ የሚባለውን ቢራ አቀመሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው ቢራ ሁሉ ውኃ ውኃ ይለኛል። ኮምጣጣ ነው፣ ጣፋጭነት የሚባል የለውም፣ ከተዋጠ በኋላ የእንጨት ጠረን አፍ ውስጥ ይቆያል። ሰንበት ያለ የአገር ቤት ጠላ የሚወድ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ችግሬ ዋጋው ነው። አንድ መደብር ገብቼ ስጠይቅ ለአንድ ትልቅ ጠርሙስ 32 ዶላር አሉኝ። ለዚህ ነገር በወር ከ40 ዶላር በላይ ማውጣት አልችልም፤ ቤተሰብ አለኝ፣ አገር ቤትም የምልከው አለ። ረከስ ያለውን ብዬ የራስበሪ ላምቢክ (የጉዝ ዘመድ የሆነ የፍራፍሬ ቢራ) ስገዛ ደግሞ ለስላሳ መጠጥ የመሰለ ጣፋጭ ሆነብኝ። በዚህ በጀት በእውነት ኮምጣጣ የሆነ ቢራ ይገኛል? የትኛውን፣ ከየትስ ልግዛ?

ሻጭ ከዲሲ፦

ወንድሜ፣ ይገኛል። መጠጥ መደብር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርዎት።

በ32 ዶላር ያሳዩዎት ከስመ ጥሮቹ ጠማቂዎች የአንዱ ሳይሆን አይቀርም። ካንቲዮንና ድሪ ፎንታይነን የሚያመርቱት ጥቂት ነው፤ ፈላጊያቸው ግን በዓለም ዙሪያ ነው፤ ዋጋው የሚሰቀለው በዚህ ነው። ጥሩ ቢራዎች ናቸው፣ አልክድም። ነገር ግን በ40 ዶላር በጀት የሚገዙ አይደሉም፣ ይተዋቸው። እርስዎ የሚፈልጉት በብዛት የሚጠምቁትን ሁለቱን ነው፦ ቦን እና ሊንደማንስ። የቦን «ኦውደ ጉዝ» እና የሊንደማንስ «ኩቬ ረኔ» እርስዎ የቀመሱት ዓይነት፣ ስኳር ያልተጨመረባቸው ናቸው። ዋጋቸው ከዚያኛው ግማሽ ገደማ ነው። ብዙ የሚመረት ነገር ጥራቱ ያነሰ ነው ብለው እንዳይጠራጠሩ፤ እነዚህን ሁለቱን ከውዶቹ አጠገብ አድርጌ ለደንበኞች ሳቀምስ የሚመርጧቸው ብዙ ናቸው።

ስለ ቦታው፦ በቨርጂኒያ በመንግሥት የሚተዳደሩት የኤቢሲ መደብሮች በዋናነት አረቄ ነክ መጠጦችን ነው የሚሸጡት፤ እዚያ ጊዜዎን አያጥፉ። ቢራ የሚገኘው በሱፐርማርኬትና በወይን መደብር ነው። አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ነጠላ ጠርሙስ እየመረጡ ስድስቱን በአንድ ዋጋ እንዲወስዱ ይፈቅዳሉ፤ ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ዲሲ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለው፦ አከፋፋዩ የሌለውን ቢራ ባለ መደብሩ ራሱ ፈቃድ አውጥቶ ከዲሲ ውጭ ማስገባት ይችላል። ሌላ ቦታ የሌለ ቢራ ዲሲ ውስጥ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

አንድ ምክር ጨምሬ ላብቃ። የቅናሽ መደርደሪያውን ሁልጊዜ ይመልከቱ። ጉዝ በጠርሙስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ቢራ ነው፤ ሻጩ «አረጀብኝ» ብሎ ዋጋ ሲቀንስ እርስዎ ይጠቀማሉ። በጣሳ የታሸገ የፍራፍሬ ኮምጣጣ ቢራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ትኩስነቱን ካጣ በቅናሽም አይግዙት።

ብራሰልስ ነዋሪ፦

ሻጩ ወንድማችን በትክክል ነግረውዎታል። እኔ የምጨምረው ስለ ምልክቱ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ኦውደ» ወይም በፈረንሳይኛ «ቪየይ» የሚል ቃል ይፈልጉ፤ ሁለቱም አሮጌ ማለት ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስያሜ ስለሆነ ጣፋጭ የተጨመረበት ጉዝ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። ጣፋጭ የሆነብዎት የራስበሪ ላምቢክ ይህ ቃል አልነበረበትም ማለት ነው። የቼሪውም እንዲሁ ነው፦ ተራው «ክሪክ» ብዙውን ጊዜ ጣፋጭ ነው፣ «ኦውደ ክሪክ» ግን ኮምጣጣ ነው።

ለምን እንደሚወደድ ካወቁ ደግሞ ዋጋው ብዙም አያናድድም። ጉዝ የሚሠራበት ላምቢክ የሚባለው ቢራ የሚጠመቀው በቀዝቃዛው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ከብቅል ሌላ ብቅል ያልሆነ ስንዴ ይገባበታል። የፈላው ጭማቂ ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው የመዳብ ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ያድራል፤ እርሾውን ማንም አይጨምርበትም፣ ከአየሩና ከቤቱ እንጨት ይመጣል። እናቶቻችን ጠላ ሲጠነስሱም እርሾ ከገበያ አይገዙም፤ ጋኑ፣ ጌሾውና ብቅሉ ይዘውት ይመጣሉ። ልዩነቱ ትዕግሥቱ ላይ ነው። ጉዝ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ ጠማቂው ገንዘቡን ለሦስት ዓመት በበርሜል ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል። አሜሪካ ሲደርስ አስመጪው፣ አከፋፋዩና ባለ መደብሩ ሁሉም የየራሳቸውን ትርፍ ይጨምሩበታል።

እዚህ ቤልጂየም የቦን ጉዝ ተራ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከወተትና ከዳቦ ጋር የሚገዛ ነው። ስለዚህ ወደዚህ የሚመጣ ዘመድ ካለ ይላኩት። በሻንጣ ውስጥ፣ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይጓዛል። የአሜሪካ ጉምሩክ ዕድሜው 21 ለሞላ ተጓዥ አንድ ሊትር ከቀረጥ ነፃ ያስገባል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ማሳወቅና የተጠየቀውን ቀረጥ መክፈል ነው። ራስዎ ከመጡ ደግሞ እዚህ ብራሰልስ፣ አንደርሌክት ያለውን የካንቲዮን ጠመቃ ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የቆየ ነው፣ ሙዚየምም አለው፤ እዚያው ቁጭ ብለው የሚጠጡት ብርጭቆ አሜሪካ ከሚከፍሉት ጋር አይወዳደርም።

ሰላም ለሁሉ፦

ስለ ጉዝ ብቻ ስታወሩ ሌሎቹን ረሳችኋቸው። ቤልጂየም ውስጥ ያለችው የምዕራብ ፍላንደርስ ቀይ ኮምጣጣ ቢራዎች አሉ። «ዱሼስ ደ ቡርጎኝ» በብዙ ሱፐርማርኬት ይገኛል፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ሻጭ ከዲሲ፦

ከዱሼስ ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ። ጠያቂያችን ጣፋጭነትን ሸሽተው ነው የመጡት፤ ዱሼስ ደግሞ ካራሜል ካራሜል ይላል። ከዚያው አካባቢ ሮደንባክን ይሞክሩ። «ክላሲክ» የሚባለው ሦስት አራተኛው ወጣት ቢራ፣ አንድ አራተኛው በትልልቅ የእንጨት በርሜል ሁለት ዓመት የቆየ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው። «ግራን ክሩ» ላይ የቆየው ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፤ ኮምጣጣነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከተቻለ ግራን ክሩን።

በየቀኑ እራት ላይ ለሚጠጣ ደግሞ ጎዜ የሚባለው የጀርመኖቹ ቢራ አለ፤ ላይፕዚግ የታወቀችበት፣ ጨውና ድምብላል የሚገባበት። ደላዌር ያለው ዶግፊሽ ሄድ የሚጠምቀው «ሲክዌንች» የዚያ ዘመድ ነው፦ ሎሚና የባሕር ጨው አለው፣ አልኮሉ 4.9 በመቶ ነው፣ ስድስቱ ጣሳ አንድ ላይ ይሸጣል። የጉዝን ጥልቀት አይጠብቁበት፤ እነዚህ የሚኮመጥጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ክትፎና ጎመን ባለበት ገበታ ላይ ግን በጣም ይስማማል።

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ዞር ዞር አልኩ። የቦን ትንሹ ጠርሙስ፣ 375 ሚሊ ሊትሩ፣ 9 ዶላር ነው፤ 750 ሚሊ ሊትሩ 15 ዶላር። በሊትር ሳሰላው ትንሹ 24 ዶላር፣ ትልቁ 20 ዶላር ይመጣል። ትልቁ ይሻላል ማለት ነው? ደግሞስ እቤት መጥመቅ ይቻላል? ባለቤቴ ጠላ ስትጠምቅ እጇ የተመሰገነ ነው።

ጠማቂዋ ከሪችመንድ፦

ትልቁ የሚሻለው የሚጠጡት ሁለት ወይም ሦስት ከሆናችሁ ነው። ቡሹ ከተነሣ በኋላ ጋዙ ስለሚሄድ ለብቻዎ ከሆኑ ትንሹን ይግዙ፤ የተደፋ ቢራ ርካሽ አይባልም።

መጥመቁ ይቻላል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። የፌደራሉ ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን ድረስ ለራስ መጠጥ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ጉዝ ራሱን አይሞክሩ፤ ሦስት ዓመት ነው። እኔ የምጠቀመው «ፊሊ ሳወር» የሚባል እርሾ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ከአንድ የመቃብር ስፍራ ዛፍ ላይ የተገኘ ነው። ሌላው እርሾ አልኮል ብቻ ሲሠራ ይህኛው የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲዱንም አልኮሉንም አንድ ላይ ይሠራል፤ ባክቴሪያ ለብቻ ማሳደግ የለ፣ ሁለት ጊዜ ማፍላት የለ።

ለ20 ሊትር ያህል፦ ሁለት ኪሎ በውኃ የሚሟሟ የብቅል ዱቄት (ለጠላ ከምናስፈጨው ብቅል የተለየ ነው፣ የጠመቃ ዕቃ መደብር ይሸጠዋል) እና 300 ግራም ግሉኮስ። ግሉኮሱን አይዝለሉት፤ ይህ እርሾ ቀላል ስኳር ሲያገኝ ነው አብዝቶ የሚያኮመጥጠው። ትንሽ ሆፕ (በጌሾ ቦታ ቢራ ውስጥ የሚገባው መራራ አበባ) ጨምረው ያፍሉ፣ ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያቀዝቅዙ፣ እርሾውን ይበትኑበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይኮመጥጣል፤ አልኮሉ ከዚያ በኋላ ይከተላል። በአሥር ቀን ገደማ ይጨርሳል።

ለባለቤትዎ አጥብቄ የምናገረው ሁለት ነገር ነው። ዕቃው በእሳት ከሚያልፈው ድስት በስተቀር ሁሉም በማጽጃ መድኃኒት ይለፍ፤ ጋን በወይራ እንደምናጥነው ያለ ዘዴ እዚህ አይበቃም። ሁለተኛው፣ መፍላቱን ሳይጨርስ በጠርሙስ እንዳታሽጉት። በሁለት ቀን ልዩነት የቀረውን ስኳር በሚያሳየው መለኪያ አይታችሁ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ነው የሚታሸገው። ካልሆነ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ሰውም ይጎዳል።

ሰላም ለሁሉ፦

ጨጓራ ያለበት ሰውስ? እኔ ሐኪም አሲድ ነገር ቀንስ ብሎኛል፤ ቢራው ግን ያምረኛል።

ጠማቂዋ ከሪችመንድ፦

ወንድሜ፣ እነዚህ ቢራዎች ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) 3.5 እና ከዚያ በታች ናቸው፤ ከብርቱካን ጭማቂ አይለዩም፣ አልኮሉ ደግሞ በላዩ አለ። ሐኪምዎ ቀንስ ካሉ ይቀንሱ። በባዶ ሆድ ደግሞ በጭራሽ።

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)፦

እንግዲያው የዚህ ወር ዕቅዴ አንድ ትልቅ ቦን፣ አንድ ሮደንባክ ግራን ክሩና ስድስት ጣሳ ሲክዌንች ነው። እርሾውን ባለቤቴ ራሷ ልታዝ ነው፤ መለኪያውን ከየት እንደምንገዛ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ጠማቂዋ ከሪችመንድ፦

ሃይድሮሜትር ይባላል፤ እርሾውን የሚሸጠው መደብር ይዞታል፣ ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ጉዝ አይበልጥም። መስታወት ስለሆነ ሁለት ይግዙ።