ጦሩ ይሁን፣ ሲሊንደሩስ?

ጥያቄው፦ ጣልያን ውስጥ ለመዝናናት ባሕር ገብቶ ዓሣ በላስቲክ በሚወነጨፍ ጦር ማደን ይቻላል፤ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ግን ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሜዲትራኒያን ሕግም እንዲሁ ይላል፤ በሌሊት በጦር ማደንንም ከልክሏል። የሲሊንደሩ ክልከላ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ጠላቂው (ሲሲሊ)፦ ይቆይ። እኔ የምወርደው በትንፋሼ ነው። ቸርኒያ የሚሉት ትልቁ ዓሣ ድንጋይ ሥር ይገባና አፉን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ደቂቃ ሳይሞላ ደረቴ መዝለል ይጀምራል። እሱ እቴ፣ ንቅንቅ የለም! ትቼው እወጣለሁ። ሲሊንደር ቢኖረኝ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር። ይሄማ አደን ሳይሆን ቆጥ ላይ ያለች ዶሮ መያዝ ነው። ደግሞ ቸርኒያ ሴት ሆኖ ይጀምርና ካደገ በኋላ ነው ወንድ የሚሆነው። ትልልቁን ለቅመን ከጨረስን ወንዱ ከየት ይመጣል?

ከሚያሚ፦ ወንድሜ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በሲሊንደር ይፈቀዳል። ገደቡ በዓሣው ብዛትና መጠን ነው። ለምን በሳንባዬ ይሆናል? አንበሳ ዓሣንስ ምን ልታደርጉት ነው? ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ ገብቶ ትንንሹን ዓሣ እየጨረሰባችሁ ነው። እዚህ አንበሳ ዓሣን የፈለግከውን ያህል ብትወጋ የሚከለክልህ የለም።

ጠላቂው፦ እዚህም ገደብ አለ፤ በቀን 5 ኪሎ፣ ቸርኒያ ደግሞ ከአንድ አይበልጥም። ግን ማን ቆሞ ይመዝናል? ሲሊንደር ግን ከሩቅ ይታያል። ለአንበሳ ዓሣው ቆጵሮስ እንዳደረገችው ለተመረጡ ጠላቂዎች ልዩ ፈቃድ መስጠት ይበቃል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ ስለ ዓሣው ትጨቃጨቃላችሁ። ባለፈው ክረምት አንዱ ጎረምሳ የጦሩን ላስቲክ እንደወጠረ ከውኃ ወጥቶ በልጆቼ መሀል አለፈ። ጫፉ በልጄ ትከሻ ልክ ነበር! ይሄ ሕግ የለውም?

ጠላቂው፦ አለው እንጂ እህቴ። ከውኃ ውጭ መወጠር ክልክል ነው። ሰው ከሚዋኝበት ዳርቻ 500 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። ጠላቂ ቀይ ባንዲራ ያለው ተንሳፋፊም ይጎትታል፤ ጀልባ እንዳይሄድበት። ያ ጎረምሳ ሁሉንም ሳይጥስ አልቀረም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ታዲያ መጀመሪያ ያለውን አስከብሩ! ስለ ሲሊንደር በኋላ ታወራላችሁ።

ከሚያሚ፦ እውነቷን ነው። የሌሊቱንም ክልከላ እቀበላለሁ፤ የተኛ ዓሣ ላይ ባትሪ አብርቶ መውጋት ነውር ነው። በሲሊንደሩ ግን አልተረታሁም።

ጠላቂው፦ ና ሲሲሊ፣ አንድ ቀን በትንፋሽህ ውረድና እንነጋገራለን።