ልጄ ትምህርት ቤት ያሳደጋትን ዶሮ እረድ ተባለ፣ ምን ትላላችሁ?

የሽምብጥ እናት፦
ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ ግብርና ይማራል። ሁዳዴ ሲገባ የአንድ ቀን ጫጩት መጣላቸውና በቡድን ሆነው ማሳደግ ጀመሩ። መኖ መመዘን፣ ማታ አምፖል ማብራት፣ ጉዝጓዝ መቀየር ሁሉ የነሱ ሥራ ነው። ቀስቅሼው የማይነሳ ልጅ ቅዳሜ እሑድ ሳይቀር በጠዋት ይሄዳል። አሁን መምህሩ ከፋሲካ በኋላ ይታረዳሉ፣ ማረዱም ነጥብ አለው ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዝም ብሏል። አንዷን «ጣና» ብሎ ስም አውጥቶላታል፣ ቤት ላምጣት ይለኛል። እኛ ቤት እኮ በየዓመቱ በግ ሲታረድ እግር የሚይዘው እሱ ነው! ምን ነካው?

የዘጌ ልጅ፦
የበጉ ሌላ ነው። ዓርብ ይገዛል፣ ቅዳሜ ሌሊት ይታረዳል፣ ማን ይለምደዋል? እኔ አያቴ ቤት አብሮኝ ያደገ ሙክት የታረደ ቀን ቡናው ውስጥ ተደብቄ ውያለሁ። በማግስቱ ግን ሥጋውን በልቻለሁ፣ አልዋሽም።

ዶሮ አርቢው፦
እህቴ፣ ቤት አታምጪያት። የሥጋ ዶሮ ከሆነች እንደ ሐበሻ ዶሮ ጓሮ ስትጭር አትኖርም። በስድስት ሰባት ሳምንት 2 ኪሎ እንድታልፍ ተብላ የተዳቀለች ናት፣ ከዚያ በኋላ እግሯ ሰውነቷን መሸከም ያቅተዋል፣ ልቧም ይደክማል፣ አንድ ቀን ጠዋት ክልትው ብላ ታገኟታላችሁ። እንቁላል ጣይ ከሆነች ግን ለምን ትታረዳለች? መጀመሪያ ዝርያዋን ጠይቂ። ደግሞ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በ45 ቀን የደረሰ ዶሮ ፋሲካን ሲጠብቅ መኖ ሲጨርስ ነው የሚከርመው፣ ይህን ያላሰላ መምህር እሱም ነጥብ ይቀነስበት።

የግብርና መምህር፦
እኔም ይህንኑ ትምህርት አስተምራለሁ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ማረድን ለነጥብ አላስገድድም። ክፍሌ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፣ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሴቶቹ ደግሞ እናቶቻቸው ዶሮ ይዘው በር ላይ ወጥተው አላፊውን ወንድ «እባክህ እረድልኝ» ሲሉ እያዩ ነው ያደጉት፣ ቢላ ያዢ ብላት ወላጅ ይመጣብኛል። የሚችለው ያርዳል፣ ሌላው ከፊትና ከኋላ ያለውን ይማራል። ከመታረዷ በፊት ለ10 ሰዓት ያህል መኖ ትከለከላለች፣ ውሃ ግን አትከለከልም። ሌሎቹ እያዩ አይታረድም። ደሟ ሳያልቅ ፍል ውሃ ውስጥ አትነከርም። ስትከፈት ጉበቷን አይተው ጤነኛ መሆኗን ይለያሉ፣ እዚህ ላይ ነው ዓይናቸው የሚበራው። ስም ማውጣቱን የኔዎቹም ያደርጉታል፣ ከልክዬ አልቻልኩም።

ቀበሌ 14፦
ኧረ ተዉት! ወንድ ልጅ ዶሮ ማረድ ፈርቶ ሊሞት ነው?

የሽምብጥ እናት፦
ቀበሌ 14፣ አባቱም እንዳንተ ነው የሚለው፣ ዶሮ ሲያርድ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። መምህሩ ጋ ደወልኩ፣ የሥጋ ዶሮ ናቸው አለ። ሙስሊም ልጆቹስ ስለው ትንሽ ዝም ብሎ «እናስብበታለን» አለኝ። ልጄ አላርድም፣ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን መኖዋን እኔ ነኝ የምሰጣት ብሏል።

ዶሮ አርቢው፦
ጎበዝ ልጅ ነው። የቀረውን ከፈለገ እኔ ጋ መጥቶ ይይ።

ቀበሌ 14፦
በሕይወት የሚሸጡ ከሆነ ዋጋቸውን ጠይቂልኝ፣ ሁለት እፈልጋለሁ። ጣናን ግን አይደለም።