«ማስተርስ ቅንጦት ነው» ያሉት መምህር እዚህ ይምጡልኝ

የማታው ተማሪ፦
ከሥራ ወጥቼ ወደ ክፍል ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ወሬው ስለ ቴሲስ ገበያ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ ስለማስጻፍ። አንድ መምህር ደውለው ገቡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መጻፍ ያልቻለ አይማር፤ ማስተርስ እንደሁ ግዴታ አይደለም፣ ቅንጦት ነው።» ታክሲው ውስጥ ቢያንስ ሦስታችን የማታ ተማሪዎች ነን፣ ደብተራችን ጭናችን ላይ። ተያየን። ከ11:30 እስከ 2:30 ክፍል ተቀምጬ፣ ራቴን አራት ሰዓት እየበላሁ፣ ቅንጦት? ቴሲስ መግዛት ልክ ነው አላልኩም። ግን ሰው ለምን እንደሚገዛ የሚጠይቅ ጠፋ።

ጦቢያ፦
ልክ ብለዋል። በገንዘብ ያስጻፉትን ይዞ ጋዋን መልበስ ሌብነት ነው። ሌብነትን «ለምን ሰረቀ» እያልን ማባበል ከጀመርን አለቀልን።

ብርቱካን ሻይ፦
ጦቢያ፣ አንተ የት መሥሪያ ቤት ነው ያለኸው? እኛ ጋ የቡድን መሪ መደብ ሲወጣ ማስተርስ ያለው በነጥብ ይበልጣል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ባለፈው ዓመት የገባ ልጅ በወረቀት በለጠኝ። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እና ቅንጦት ነው? ቅንጦት ማለት እኮ ብትተወው የማይጎዳህ ነገር ነው።

መምህሩ፦
ሬዲዮ ላይ የደወልኩት እኔ አይደለሁም፤ ቃሉን ግን እፈርምበታለሁ። ከአዲስ አበባ ውጪ አስተምራለሁ። የማይጠይቅ፣ የማያነብ፣ «መምህር ርዕስ ስጡኝ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ምርምር ምኑ ነው? ከ2016 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው መምጣቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ለደረጃ ዕድገት ብሎ የሚመጣውን ማስቀረት ካልቻልን እያንዳንዱን ወረቀት ፖሊስ ሆነን ልንጠብቅ አንችልም።

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው። ርዕስ የሚሰጠው ማን ሆነና ነው? እኔ ሦስት ርዕስ አቅርቤ ሦስቱም ተጣለ። በመጨረሻ የተፈቀደልኝ «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነው፣ ከሥር የባንክ ስም። አንድ መደርደሪያ ሙሉ ያው ርዕስ ነው፣ ባንኩ ብቻ ይቀያየራል። ናሙናው ደግሞ ሁሌ 384!

የማታው ተማሪ፦
384 😂 እዚህ አገር ደንበኛ ከ384 በልጦ አያውቅም።

ጦቢያ፦
እሱ ቀመር ነው። ሕዝቡ ብዙ ሲሆን፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስህተት ብለህ ስታሰላ 384 ይመጣል። ቀመሩን ሳያውቁ መሳቅ።

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
ቀመሩንማ አውቀዋለሁ። የማላውቀው 384 መጠይቅ በሁለት ሳምንት ሞልቶ የሚመለስበትን አገር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ 110 ብቻ ነው የተመለሰልኝ። ባንክ ቤት ተሰልፎ የቆመ ሰው አምስት ገጽ እንግሊዝኛ መጠይቅ ማን ይሞላልሃል? አንዷ እናት ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። ከዚያ እኔና እህቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ ይዘን የቀረውን ሞላነው። እህቴ እጇ ሲደክማት በግራ እጇ ጻፈች። «በጣም እስማማለሁ» ብቻ እንዳይበዛ እየተጠነቀቅን። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ፣ «ዳታው በጣም ንጹሕ ነው» ተብዬ ተመሰገንኩ።

መምህሩ፦
እና ይሄን በኩራት ነው የምትጽፈው?

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
በሐፍረት ነው፣ መምህር። ግን አልገዛሁም። የገዛው ጓደኛዬ ከእኔ የተሻለ ውጤት ነው ያመጣው። የምስጋናው ገጽ ላይ «ለውድ ባለቤቴና ለሁለት ልጆቼ» ይላል። ልጁ እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነው። አማካሪውም ፈታኙም ፈርመዋል። ማን እንዳነበበው እናንተው ንገሩኝ።

ብርቱካን ሻይ፦
ሚስቱን ከነልጆቿ ገዛት በለኛ 😂😂

ጦቢያ፦
ሳቅ ብቻ። ሌባው ሌባ መሆኑ ቀረ፣ አሁን ጥፋተኛው ፈታኙ ሆነ።

ብርቱካን ሻይ፦
ሁለቱም። ደግሞ «ቅንጦት» ያልከውን አልመለስክልኝም።

ጦቢያ፦
እኔ አላልኩም፣ መምህሩ ናቸው ያሉት።

መምህሩ፦
እኔም አላልኩም፣ እፈርምበታለሁ ነው ያልኩት።

የማታው ተማሪ፦
መፈረሙማ የለመዱት ነው፣ መምህር። ሳያነቡ።

መምህሩ፦
ጨዋነት ይኑር እንጂ። ስለ መምህር ኑሮ ምን ታውቃለህ? በ2015 መምህራን ለደሞዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ «ምን ጎደላቸው» ያላችሁት እናንተው ናችሁ። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍል አስተምራለሁ፣ የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ እሰጣለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ግቢ እሄዳለሁ። ዘንድሮ የማማክራቸው ተማሪዎች 14 ናቸው። አሥራ አራት። እያንዳንዱ መቶ ገጽ ይዞ ዲፌንሱ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ይመጣል።

ፒኤችዲ ነኝ አትጠይቁኝ፦
እኔ ከሌላኛው ጫፍ ልናገር። አማካሪዬ የምዕራፍ ሁለት ረቂቄን አራት ወር ይዘው ቆዩ። ሲመልሱልኝ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ያለችው አስተያየት አንዲት ናት፤ «መስመሩ መሐል ያለው ክፍተት ይስፋ»። ጽሑፉ ጆርናል ላይ ሲወጣ ግን ስማቸው ከእኔ ይቀድማል። ማሳተሚያው ደግሞ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ነበር፣ ገበያው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቁርጥ አበሌ ግን አልተንሳፈፈም። ሲጨንቀኝ ርካሽ ጆርናል ፈለግሁ። በሦስት ቀን «ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ፤ ሦስት ቀን ውስጥ ማን አነበበው ብዬ ተውኩት። እንጂ የሚያትመው ሞልቷል።

ዲሲ ያለሁ፦
እዚህ አሜሪካ አማካሪዬ በየሳምንቱ ታገኘኛለች። ችግሩ የእኛ አገር ሥርዓት ነው።

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
ይኸው ዲሲ ገባች። እስካሁን የት ነበርሽ?

ዲሲ ያለሁ፦
ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት። ደግሞ እኔም ማስተርሴን እዚያው ነው የሠራሁት።

የማታው ተማሪ፦
384?

ዲሲ ያለሁ፦
😐 ... አዎ።

ብርቱካን ሻይ፦
ቋንቋውንስ ማን ያነሳል? ለቴሲሴ ቆሎ ሻጮችን በአማርኛ አናግሬ፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ዲፌንስ ላይ ደግሞ በአማርኛ ተጠይቄ በእንግሊዝኛ እንድመልስ ተደረግሁ። «ተበዳሪ ሳይሆን ዕቁብተኛ ነኝ» ያለችኝን ሴት እንዴት አድርጌ ልተርጉማት? ሦስት ቀን ተቀምጬበት በመጨረሻ አወጣኋት። ጽሑፉ ውስጥ ያለችው ብቸኛ አዲስ ነገር እሷ ነበረች። ብዙ ሰው ወደ ቴሲስ ጸሐፊ የሚሮጠው ሐሳብ አጥቶ አይደለም፣ እንግሊዝኛው አፍኖት ነው።

ጦቢያ፦
በአማርኛ ይጻፍ ነው የምትይው? የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ምን ተለየ? አማርኛም ይሰረቃል። እንዲያውም ኩረጃ መያዣው ሶፍትዌር አማርኛ በቅጡ ስለማያነብ ይቀላል።

ፒኤችዲ ነኝ አትጠይቁኝ፦
ጦቢያ ምን ብትለው መልሱ ሌብነት ነው። አንድ ቃል ነው የያዝከው።

ጦቢያ፦
እናንተም «ቅንጦት»ን ይዛችሁ ሠላሳ መልስ ጻፋችሁ።

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
የጸሐፊዎቹ ገበያ እንኳ ቀዝቅዟል። ግቢው በር አጠገብ ያለችው ኮምፒውተር ቤት ባለፈው ለፎቶ ኮፒ ገብቼ ልጅቷ ገና ሳልናገር «ምዕራፍ ሦስት ነው ሙሉ?» አለችኝ። ፎቶ ኮፒ ነው ስላት አዘነች። ሁሉም በቻት ጂፒቲ ነው የሚሠራው አለችኝ፣ እንደ ሐዘን ቤት።

መምህሩ፦
እሱንማ አትንገረኝ። ዘንድሮ ተማሪዎቼ በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛቸው እንደ መጽሐፍ ሆነ። ጠርቼ «ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ስለው አንዱ «መምህር፣ ከዐውዱ ይረዱት» አለኝ።

ብርቱካን ሻይ፦
😂😂 ይሄስ ጎበዝ ነው። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ከ14ቱ ስንቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበዋል?

መምህሩ፦
ዲፌንሱ ሰኞ ነው። አሁንም እያነበብኩ ነው፣ እናንተ ናችሁ ያቋረጣችሁኝ።

የማታው ተማሪ፦
ቅዳሜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው እኮ መምህር። ስንተኛው ላይ ናቸው?

መምህሩ፦
ሦስተኛው።

ጦቢያ፦
ተዋቸው እስቲ ያንብቡበት።

አራት ኪሎ ማዞሪያ፦
ናሙናውን ብቻ ይንገሩን።

መምህሩ፦
አልነግርህም።