የቃኘው ዘማቾች የኮሪያ ሜዳይ ለማን ይሰጥ ነበር?

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመቱት አያቴ ካቆዩልን ዕቃ መካከል ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት፣ አናቱ ላይ በአማርኛ «ኮሪያ» ተብሎ የተጻፈበት ሜዳይ አለ። የጀግንነት ሽልማት ይሆን?

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ አገልግሎት ሜዳይ ነው። ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ዓ.ም. በድርጅቱ ዕዝ ሥር ላገለገሉ የተሰጠ እንጂ ለአንድ የጀግንነት ሥራ የተሸለመ አይደለም፤ ቢሆንም 122 ጓዶቻቸው ከወደቁበት ዘመቻ የተገኘ ስለሆነ በክብር ያኑሩት።

የሌላ ሰው መልስ፦ ተኩስ የቆመው በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ቢሆንም ቀጣዩ አንድ ዓመት ስለሚታሰብ፣ ውጊያ ላይ ያልደረሱ፣ ከተኩስ አቁሙ በኋላ ግንባር የጠበቁ ወታደሮችም ይገባቸዋል። አባቴ ኮሪያ የደረሱት ከሐምሌ 1946 በኋላ ስለነበር አላገኙትም፤ እኔ ግን አገልግሎታቸውን አሳንሼ አላየውም።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አያቴ የተመለሱት በ1945 ዓ.ም. ስለሆነ ነገሩ ግልጽ ሆኖልኛል።