የማኅበረ ምዕመናን ምሥረታ፦ ሦስት የተለያዩ ዓመቶች፣ የቱ ይጻፍ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ምዕራብ ወለጋ ገጠር ላለች የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምዕመናን የታሪክ መጽሔት እየተዘጋጀ ነው። ሽማግሌዎች «በ1923 ተመሠረተች» ይላሉ፤ የአንድ ሚስዮናዊ ደብዳቤ ቅጂ 1930 ይላል፤ የጥምቀት መዝገቡ የሚጀምረው ግን ከ1927 ነው። የቱን እንያዝ? መዝገቡም ቀለሙ ወረቀቱን እየበላው ስለሆነ «ላሚኔት ይደረግ» (በፕላስቲክ ይታሸግ) የሚሉ አሉ።

ዘመን ቆጣሪ
የሚስዮናዊው 1930 በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነ ሽማግሌዎቹና ደብዳቤው ላይጋጩ ይችላሉ። 1923 ዓ.ም. የባተው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1930 ነው። ነገሩ የሆነው ከዚያ ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ከ1930 ላይ 7 ቀንሱ፣ 1923 ይመጣል፤ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8 ቀንሱ፣ 1922 ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ «1922/23» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀንና የሚያወራውን ነገር ግን ለዩ፤ ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዓመት ሥራ ነው የሚዘግበው።

ሽማግሌዎችን ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። «ጣልያን ሲገባ ቤቱ ቆሞ ነበር? ቆርቆሮ ለብሶ ነበር? ያኔ ማን ያስተምር ነበር?» በሉ። 1928 እና 1933 ጥሩ መያዣ ናቸው። ለየብቻ ጠይቋቸው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ በዕድሜ የሚበልጠው ያለውን ሌላው ይደግማል።

በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ተጠማቂ ተራ ቁጥር ስንት ነው?

የወለጋ ታሪክ
አንድ ነገር ልጨምር። «በ1923 መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገር ደረጃ የተቋቋመችው ጥር 13 ቀን 1951 (ጃንዋሪ 21 ቀን 1959) ነው። ከዚያ በፊት በምዕራብ ወለጋ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮንም፣ በአይራ በኩል የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚስዮንም ነበሩ። የደብዳቤው ቋንቋ የትኛው ሚስዮን እንደሆነ ይጠቁማችኋል።

ስሞች ላይም ተጠንቀቁ። የድሮ የኦሮምኛ ጽሑፍ፣ ልክ እንደ ኦኔሲሞስ ነሲብ የ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። መጥበቅና መላላቱ፣ የአናባቢው እጥረትና ርዝመት አይታይም። ወደ ቁቤ (የኦሮምኛው የላቲን ፊደል) ስትመልሱ በግምት አታጥብቁ፤ የመዝገቡን አጻጻፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ቤተሰቡንም ጠይቁ። ሰውየው የክርስትና ስምም ካለው ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ በአባት ስምና በተጠመቀበት ቀን አመሳክሩ።

ወረቀት ጠባቂ
ላሚኔት በፍጹም! ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ፕላስቲኩም ከዚያ በኋላ አይላቀቅም። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም ያው ነው፤ ሙጫው ይበልዛል። ወረቀት የሚበላው ቀለም ብረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል እርጥበት አታስነኩት።

መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፦ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ባዶውንም ገጽ ሳትዘሉ፣ ማስመሪያ ጎኑ አድርጋችሁ። የደበዘዘውን ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ደግማችሁ አንሱ። ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዋናው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከወለልና ከጭቃ ግድግዳ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ምስጥ በግድግዳው በኩል ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል።

ጠያቂ
የመጀመሪያው ቁጥር 43 ነው።

ዘመን ቆጣሪ
እንግዲያው ከ1 እስከ 42 ያሉት ሌላ መዝገብ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ወይ የጠፋ፣ ወይ እናት ጣቢያው (የሚስዮኑ ዋና ጣቢያ) የያዘው። የጣቢያውን መዝገብ ከ1920 እስከ 1927 አስፈትሹ፣ ከመንደራችሁ የመጡትን ነቅሳችሁ ቁጠሩ። እስከዚያ መጽሔቱ ላይ ሦስት መስመር ይኑር፦ ትምህርት የተጀመረበት፣ ቤቱ የተሠራበት፣ በእጅ ያለው መዝገብ የሚጀምርበት። «ምሥረታ» የሚለውን ለየትኛው እንደምትሰጡ ሽማግሌዎች ይወስኑ።