ለአጥር ሥራ ያገለገለ ትራክተር ልንገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር አጣሪ

እንዴት ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

አራት ጓደኛሞች ነን። ሥራችን አጥር ማጠር ነው። ከባህር ዳር ወደ መራዊ፣ በዚያ በኩል ደግሞ እስከ ሐሙሲትና ወረታ እየሄድን የማንጎና የአቮካዶ ማሳ፣ የከብት በረት፣ የሎጅ ግቢ እናጥራለን። እስከ ዛሬ ጉድጓዱን የምንቆፍረው በድጅኖና በአካፋ ነው። ባለፈው የያዝነው ቦታ ዙሪያው 800 ሜትር ነበር። በየ2 ሜትር ተኩሉ አንድ ቋሚ ስናቆም 320 ጉድጓድ መጣ። እያንዳንዱ 70 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ግማሹ ዋልካ ነው፤ ጥር ላይ ደርቆ ድጅኖውን ያነጥረዋል። ከመካከላችን አንዱ ወገቡን ታሞ እስካሁን ወደ ሥራ አልተመለሰም።

ስለዚህ ያለንን አዋጥተን ያገለገለ ትራክተር ልንገዛ ነው። ከኋላው እንደ ፑንታ እየዞረ መሬት የሚበሳውን መቆፈሪያ እንገጥምለታለን። ጉልበቱን ከትራክተሩ ፒቲኦ፣ ከኋላው ከሚዞረው ዘንግ፣ የሚወስደውን ማለቴ ነው። ሦስት አይተናል፤ ማሲ ፈርጉሰን 240፣ ማሲ ፈርጉሰን 290 እና ቤላሩስ 82። ሻጮቹ በሙሉ «ሞተሩ ያልተነካ ነው» ይላሉ። ደላላው ደግሞ ጉልበት ስላለው 290ን ግዙ እያለ ይወተውተናል። ለአጥር ሥራ የትኛው ይሆናል? ስንገዛስ ምኑን እንይ? ሹፌር አለን፣ መካኒክ ግን የለንም።

መልስ፦ ኦፕሬተር ከመራዊ

ወንድሜ፣ ለጉድጓድ ብለህ ትልቅ ጉልበት አትግዛ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መቆፈሪያ 40 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። 240ው ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ አዲስ ሳለ ወደ 50 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ከስድስት አንድ እጅ ያህሉን እዚህ ያጣል። ቢያጣም ይበቃሃል። 290ው ወደ 80 ይጠጋል። መቆፈሪያው ድንጋይ ሲነካ ያ ትርፍ ጉልበት የሚሄደው ማርሹን ለመስበር ነው። ናፍታውንም አስብ።

አጥር ሥራ ማለት የትራክተሩ የኋላው ሥራ ማለት ነው። እርሻ ላይ ማረሻውን አንዴ አውርደህ መስመሩን ሙሉ ትሄዳለህ። ጉድጓድ ላይ ግን አንዱን ለመጨረስ ሦስት አራት ጊዜ ታወርዳለህ፣ ታነሳለህ። በቀን 60 ጉድጓድ ብትቆፍር 200 ጊዜ አነሳህ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው ሃይድሮሊኩን፣ በዘይት ግፊት የሚያነሳውን ክፍል፣ ነው። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ትደርስበታለህ።

እንዲህ አድርግ። ትራክተሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሥራ፤ ዘይቱ ይሙቅ። ዘይት ቀዝቃዛ ሲሆን ወፍራም ስለሆነ የተበላ ፓምፕ እንኳ ደህና ይመስላል። ከዚያ ማረሻ አስገጥምና ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ኩንታል አሸዋ ጫንበት። እስከ ላይ አንሳው። ሲነሳ እየዘለለ፣ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ተወው። በደንብ ከተነሳ ሞተሩን አጥፋና ከመሬት ያለውን ከፍታ በእንጨት ላይ ምልክት አድርግ። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ። ሁለት ሦስት ጣት ቢወርድ ያረጀ ነውና አይገርምም። መሬት ላይ ተቀምጦ ከጠበቀህ ግን መቆፈሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አቅም የለውም።

ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑን እይ። አንዳንዱ ፔዳሉን ስትረግጠው ጎማውም፣ ፒቲኦውም፣ ሃይድሮሊኩም አብሮ ይቆማል። ባለ ሁለት ደረጃው ግን እስከ ግማሽ ስትረግጠው ጎማው ብቻ ቆሞ የኋላው ይሠራል። የኋለኛውን ፈልግ። ከጉድጓድ ጉድጓድ ስትጠጋ ሥራህን ያቀልልሃል። 240 ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም፤ ረግጠህ አረጋግጥ።

ደግሞ መቆፈሪያውን ከመግዛትህ በፊት መቆፈሪያው የሚገጠምባቸውን የትራክተሩን የኋላ የታች ክንዶች ቀዳዳ በሜትር ለካ። 22 ሚሊ ሜትር ፒን የሚወስድ አለ፣ 28 የሚወስድ አለ። ያንን ሳይለኩ ገዝተው ብየዳ ቤት ለብየዳ ቤት የተንከራተቱ አውቃለሁ።

መልስ፦ የሐሙሲት ገበሬ

ልጆቼ፣ በርቱ። ስለ ሞተር ሌሎቹ ይንገሯችሁ፤ እኔ ስለ መሬቱ ልንገራችሁ።

ዋልካ ጊዜ አለው። ክረምት ላይ ትራክተሩን ይውጠዋል፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ድጅኖ አያስገባም። ለጉድጓድ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ላዩ ትራክተር ይችላል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ወደ መራዊ ያለው ቀይ አፈር ብዙም አያስቸግራችሁም። ባህር ዳር ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ግን ከአፈሩ ሥር ተደብቆ ነው የሚጠብቃችሁ። እዚያ ድጅኖውን አትጣሉት፤ መጀመሪያ በድጅኖ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ካያችሁ በኋላ ነው መቆፈሪያውን ማውረድ።

ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቋሚውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። እኔ ጉድጓዱን 80 ሳንቲ ሜትር አወርደዋለሁ፤ ከሥሩ ጠጠር አደርጋለሁ። ባህር ዛፉን ደግሞ ልጡን ልጬ፣ አድርቄ፣ የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት አጠጣዋለሁ። ለምስጥ ነው።

ሐይቁ ዳር የምታጥሩ ከሆነ ደግሞ ግንቦት ላይ ያያችሁትን ዳርቻ አትመኑ። ጣና ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይመጣል። ለጥ ባለው መሬት ላይ ያ ሜትር ብዙ ርቀት ይገባል። በግንቦት የተተከለ አጥር በመስከረም ውኃ ውስጥ ቆሞ አይቻለሁ። የማሳው ባለቤት ቢጎተጉታችሁም የክረምቱን ልክ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ትከሉ። ጉማሬ ሌሊት የሚወጣበት መንገድ ላይም ቋሚ አታቁሙ፤ ነቅሎት ነው የሚያልፈው።

ቤላሩሷ በአራቱም ጎማ ስለምትጎትት ጭቃ ላይ ጎበዝ ናት። ፎገራ ሩዝ ማሳ ልታርሱባት ካሰባችሁ እሷን በሉ። ከባድ ናት ግን። በተተከለ ማንጎ መሃል ስታዞሯት ዛፉንም መሬቱንም ትጎዳለች።

መልስ፦ አንድ ወንድማችሁ

ቅር አይበላችሁና፣ ለምን ትራክተር? ሁለት ሰው የሚይዘው በቤንዚን የሚሠራ መቆፈሪያ አለ። ዋጋው ከትራክተር ጋር አይወዳደርም፤ ባጃጅ ላይ ጭናችሁት ትሄዳላችሁ። በዓመት ሦስት አራት ሥራ ብቻ ከሆነ የምትይዙት፣ ትራክተሩ ቆሞ ባትሪውና ጎማው ነው የሚያልቀው።

ጠያቂው፦ ጣና ዳር አጣሪ

ወንድሜ፣ እሱን ተከራይተን ሞክረነዋል። ቀይ አፈር ላይ ጥሩ ነው። ዋልካው ላይ ግን ሲነክስ ክንዳችንን ነው የሚጠመዝዘው፤ ወገብ የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይችለውም። ትራክተሩ ቋሚውንና ሽቦውንም በተሳቢ ያመላልስልናል፤ አሁን ለአይሱዙ ኪራይ የምንከፍለው ቀላል አይደለም። በመኸር ጊዜ ደግሞ ሩዝና በቆሎ እናመላልስበታለን።

ጋሼ፣ የሐይቁን ነገር ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። ለሚያዝያ የያዝነው አንድ ሥራ ዳር ላይ ነው፤ ሄደን የክረምቱን ልክ እንጠይቃለን።

መልስ፦ ጋራዥ ውስጥ ያደገ

እንግዲህ ሞተሩን እኔ ልንገርህ። ሻጩ ከቀጠረህ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመህ ሂድ። ሰላምታ እየሰጠህ መዳፍህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ነገ ተመልሰህ ና፣ ቀዝቅዞ እያለ በቁልፍ ይነሳ። ገፍታችሁ አስነሱ ካለ ሰበቡን አትስማ።

ሲነሳ ትንሽ ጥቁር ጭስ ችግር የለውም። ሰማያዊ ጭስ ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ እጅህን አስጠጋ። ኃይለኛ ትንፋሽ ከመጣም ያው ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዘህ እይ፤ ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ውኃ ግን ሞተሩ ሳይነሳ በብርዱ ነው የምታየው፤ ሲሞቅ ከከፈትከው ፊትህን ያቃጥልሃል።

ሰዓት ቆጣሪውን አትመነው፤ ብዙዎቹ አይሠሩም። ይልቅ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉን እይ። ብረቱ ተልጦ መስታወት ከመሰለ ትራክተሩ ብዙ ሠርቷል። መሪውን ግራ ቀኝ አወዛውዘው፤ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ሩብ ዙር ከዞረ ፊቱ ተበልቷል። የኋላ ጎማውን ጥርስ ሳታይ ደግሞ ዋጋ አትነጋገር። ሁለት የኋላ ጎማ መቀየር ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ፒቲኦውን በመጨረሻ። አሠርተህ አይተህ አጥፋው፤ ሞተሩም ጠፍቶ ዘንጉን በእጅህ ይዘህ ወዝውዘው። ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። ጥርሱ እንደ ቢላ ከሾለ ካርዳኑን፣ ከፒቲኦው ወደ መቆፈሪያው ጉልበት የሚወስደውን ዘንግ፣ አይይዝልህም። ዙሪያው ዘይት ካለቀሰ ፓራሊዮው (የዘይት ማገጃው ጎማ) ነው፤ እሱ ብቻ ከሆነ ለዋጋ መቀነሻ ተጠቀምበት እንጂ አትሽሽ።

መለዋወጫ ባህር ዳር ውስጥ ለየትኛው እንደሚገኝ ራስህ ዞረህ ጠይቅ። የውኃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ማሸጊያ በላቸው። ከሦስት ሱቅ በሁለቱ «አለ» የተባልክበትን ግዛ።

መልስ፦ እህታችሁ ከባህር ዳር

ወረቀቱን ማንም አላነሳውም። እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። አባቴ ትራክተር ገዛ፣ ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፣ ሊብሬ ተቀበለ። ስም ለማዞር ሲሄድ የባንክ እገዳ አለበት ተባለ። ሻጩ ብድር ወስዶበት ነበር። ዓመት ሙሉ ተመላለስን።

ስለዚህ የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እያነበባችሁ አመሳክሩ። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከተመዘገበበት ቢሮ አስጽፉ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ለሌላ ሰው ሲዛወር የሚከፈል ቀረጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውክልና ብቻ ይዛችሁ እንዳትገዙ። አራት ስለሆናችሁም በማን ስም እንደሚሆን፣ አንዱ ቢወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚታሰብ ዛሬ ጻፉት።

መልስ፦ ኦፕሬተር ከመራዊ

አንድ የረሳሁት አለ፤ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። ካርዳኑ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ካልኖረ መቆፈሪያውን አታስነሱት። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ወይም ነጠላ ከያዘ «አጥፋ» ብለህ ሳትጨርስ ሰውየውን ጠቅልሎታል። ጠዋት ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ለብሳችሁ እንዳትጠጉ። መቆፈሪያው አልገባ ሲልም ማንም በእግሩ እንዳይጫነው።

ካርዳኑ ላይ በኃይል ጊዜ እንዲቆረጥ ተብሎ የተሠራ ብሎን አለ። እሱ ሲቆረጥ በጠንካራ ብሎን አትተኩት፤ የሚቀጥለው የሚሰበረው ማርሹ ነው። ከዚያው ዓይነት አሥር ያህል በኪሳችሁ ያዙ።

ጠያቂው፦ ጣና ዳር አጣሪ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ቅዳሜ ሄድን። የ290ው ባለቤት ለ3 ሰዓት ቀጥሮን ነበር፤ 2 ሰዓት ላይ ደረስን። መዳፌን ሳሳርፍ ትኩስ ነው። ምንም ሳልል «ነገ በጠዋት እንምጣ» ስለው ገዢ አለኝ፣ አልጠብቅም አለ። ተውነው።

240ው ቀዝቃዛ ነበር፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሁለት ኩንታል አሸዋ ጭነን አነሳነው። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስንመለስ ሁለት ጣት ወርዷል። ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። ቀዳዳው 22 ነው። የኋላ ጎማው ግማሽ ጥርስ ቀርቶታል። ፒቲኦው ዙሪያ ግን ዘይት ያለቅሳል፤ ዘንጉ ሲወዘወዝ አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ ለሱ ብሎ ዋጋ ቀንሷል። ቀብድ ሰጥተን ቀሪውን ወረቀቱ ሲጣራ ልንከፍል ተስማምተናል። ፓራሊዮውን አሁን እንቀይር ወይስ ሥራ ጀምረን እንየው?

መልስ፦ ጋራዥ ውስጥ ያደገ

አሁን ቀይሩት። በዚህ ትራክተር የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው። በፒቲኦው በኩል ሲጎድል ሃይድሮሊኩ ነው የሚራበው፤ እናንተ ደግሞ በሃይድሮሊኩ ነው የምትኖሩት። ዘይቱን ስታወርዱ በንጹሕ ባልዲ ተቀበሉትና ማግኔት ክተቱበት። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ብናኝ ብቻ ከያዘ ያረጀ ነውና ደህና ነው። የጥርስ ስባሪ ካገኛችሁ ቀሪውን ብር ሳትከፍሉ እዚሁ ጻፉልኝ።